ይዘን የምንወጣው፣ ይዘን የምንወርደው

(ለሁለት ቀን ወደ እንጦጦ ለሚወጡ ወጣቶች የተዘጋጀ ትምህርት)

መግቢያ

የክረምቱ ዝናብ አብቅቶ ሜዳው በአደይ አበባ ሲያሸበርቅ በየሰንበት ት/ቤቱ «መቼ ነው ተራራ የምንወጣው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ የተለመደ ነው። ጥያቄውም መልካም ነው። ዓመቱን በትምህርት፣ በሥራና በከተማ ግርግር የደከመ ወጣት ከባልንጀሮቹ ጋር ንጹሕ አየር ወዳለበት ወጥቶ ሁለት ቀን ቢያሳልፍ አካሉም አእምሮውም ይታደሳል። ለእኛ በየካ ክፍለ ከተማ ለምንኖር ወጣቶች ደግሞ ተራራው ሩቅ አይደለም፤ ጧት ከቤታችን ስንወጣ በስተሰሜን ቀና ብለን የምናየው ነው።

ነገር ግን ድንኳን ተክሎ ማደር እንደ አንድ ቀን ሽርሽር አይደለም። የአንድ ቀን ጐብኚ ምሳውን በልቶ ይመለሳል። የሚያድር ሰው ግን ውኃ፣ እሳት፣ መኝታና መጸዳጃ ያስፈልገዋል። እነዚህን አራት ነገሮች ከየት ያገኛቸዋል? ወይ ከቤቱ ይዞ ይወጣል፣ ወይ ከተራራው ይወስዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመጀመሪያውን መንገድ እንድንመርጥ ማሳሰብና ይህም በአንዲት ትንሽ ተሳቢ እንዴት እንደሚቻል ማስረዳት ነው። አስቀድመን ግን ይህ ተራራ ከእኛ በፊት ያስተናገደውን ትልቅ ሠፈር ታሪክ እንመልከት።

ሀ/ ሠፈር ማለት ምን ማለት ነው?

ዛሬ «ሠፈርህ የት ነው?» ስንባል የምንኖርበትን መንደር እንናገራለን። የቃሉ ሥር ግን «ሠፈረ» ነው፤ ሠራዊት ወይም መንገደኛ ጓዙን አውርዶ፣ ድንኳኑን ተክሎ ዐረፈ ማለት ነው። «ከተማ»ም እንዲሁ አስቀድሞ ንጉሡ ወይም ሹሙ የከተመበት የጦር ሠፈር ስም ነበር። አዲስ አበባ ስትቆረቆር መኳንንቱ በተሰጣቸው ኮረብታ ላይ ከነሠራዊታቸው ስለ ሠፈሩ፣ ብዙዎቹ መንደሮቻችን እስከ ዛሬ በእነርሱ ስም «የእገሌ ሠፈር» እየተባሉ ይጠራሉ። የከተማችን ሰው ሳያውቀው የድንኳን ቋንቋ ይናገራል ማለት ነው።

የቀድሞዎቹ የማዕረግ ስሞችም ከሠፈር የወጡ ናቸው። ደጃዝማች በንጉሡ ድንኳን ደጅ፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ የሚዘምቱ አለቆች ነበሩ፤ ፊታውራሪ ደግሞ ከፊት የሚቀድመው ነው። ይህ ሥርዓት በጦርነት ብቻ ሳይሆን ማታ ድንኳን ሲተከልም ማን የት እንደሚያርፍ ይወስን ነበር። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 2 ላይም የእስራኤል ነገዶች በየዓላማቸው ሥር ሆነው የመገናኛውን ድንኳን በአራቱ ማዕዘን ከበው እንዲሠፍሩ መታዘዛቸውን እናነባለን። ከዚህ የምንረዳው ሠፈር ማለት ሰው ባገኘበት የተኛበት ቦታ አለመሆኑን ነው። ሠፈር ሥርዓት ያለው፣ እያንዳንዱ ቦታውንና ሥራውን የሚያውቅበት ነው።

ለ/ ተራራው ያልቻለው ሠፈር

ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ሠፈራቸውን ወደ እንጦጦ አመጡ። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው በመሆኑ ጠላት ከሩቅ ይታይበታል፤ ለመከላከልም ይመቻል። ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑትም በዚያው ተራራ፣ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው።

ይሁን እንጂ ለጦር ጥሩ የሆነ ቦታ ለኑሮ አልተመቸም። ነፋሱና ብርዱ ጽኑ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የሠፈሩ ብዛት ለተራራው ከበደው። ንጉሡ፣ መኳንንቱ፣ ወታደሩ፣ የወታደሩ ቤተሰብና አገልጋዩ ሁሉ በየቀኑ ምግብ ያበስላል፤ ቤት ይሠራል፤ አጥር ያጥራል። ይህ ሁሉ ከእንጨት ነው። ስለዚህ በአካባቢው የነበረው ጥድና ወይራ ማገዶና ምሰሶ እየሆነ አለቀ። እቴጌ ጣይቱ የፍልውኃውን ሜዳ ወድደው ቤት እንዲሠራ ካደረጉና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላም ችግሩ ተከትሎ ወረደ። የማገዶ ፍለጋው መንገድ ከዓመት ወደ ዓመት እየራቀ ሄደ።

በቀድሞው ልማድ ቢሆን መፍትሔው ቀላል ነበር፤ እንጨት ሲያልቅ ሠፈሩ ይነሣና ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል። አጼ ምኒልክም በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በአዲስ ዓለም አዲስ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ከመነሣት ያዳናት ከውጭ የመጣ አንድ ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ። ባሕር ተሻግሮ ስለ መጣ በዚህ ስም ተጠራ። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶ ይደርሳል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ሕዝቡም በየቤቱና በየኮረብታው ስለ ተከለው ከተማይቱ በያለችበት ጸናች። በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የታሰበውም የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

እንግዲህ የምንሠፍርበት ተራራ ታሪክ ይህ ነው። አንድ ትልቅ ሠፈር ከተራራው ብቻ ወስዶ ሊኖር ሞከረ፤ ተራራውም አልቻለውም። የእኛ ሠፈር ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቁጥር የሚወጣው የወጣት ቡድን አንድ ብቻ አለመሆኑን እናስታውስ።

ሐ/ የባሕር ዛፉ ጥላና የእናቶቻችን ጀርባ

ባሕር ዛፍ ውለታው ትልቅ ቢሆንም ጉዳትም አለበት። ውኃ በብዛት ይጠጣል። ከሥሩ ሣርና ቍጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም። ስለዚህ አፈሩን ከዝናብ የሚከልለው የረገፈው ቅጠሉ ብቻ ነው። ቅጠሉ ደግሞ አይተርፍም፤ ለእንጀራ መጋገሪያ ተጠርጎ ይወሰዳል። በዚህ ምክንያት የክረምት ጎርፍ አፈሩን እያጠበ ወደ ከተማው ይወርዳል። ይህን የተገነዘቡ ወገኖች ጥድን፣ ወይራን፣ ኮሶንና ዝግባን መልሰው ለመትከል ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ሲደክሙ ቆይተዋል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህም የተራራው ብዙ ክፍል ተከልሎ ይጠበቃል።

ያንን ቅጠልና ጭራሮ የሚለቅመው ማን ነው? ከሽሮ ሜዳ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም ከየካ ሚካኤል ጀርባ ወደ ላይ የተጓዘ ሁሉ አይቷቸዋል። ወገባቸው ጎንበስ ብሎ፣ ከራሳቸው ቁመት የሚረዝም እስር ተሸክመው፣ ቁልቁለቱን በዝግታ የሚወርዱ እናቶችና እኅቶች ናቸው። ሸክሙ ከሠላሳ ኪሎ በላይ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ ወጥተው ሲለቅሙና ሲያስሩ ይውላሉ፤ ሸጠውም የዕለት ጉርሳቸውን ያገኛሉ። ከእነርሱ መካከል በማኅበር ተደራጅተው ሸክሙን በሽመና የተኩ አሉ። ያልቻሉት ግን አሁንም ይሸከማሉ።

አሁን ነገሩን ከእኛ ጉዞ ጋር እናገናኘው። እኛ ማታ ተሰብስበን ለመሞቅ የምናነደው ደረቅ ጭራሮ «የማንም ያልሆነ» ይመስለናል። የማንም ያልሆነ ግን አይደለም። እንዲለቅሙ የተፈቀደላቸው እናቶች ነገ ጧት የሚመጡት እርሱን ብለው ነው። እነርሱ ባይወስዱት እንኳ አፈሩን የሚከልለው እርሱ ነው። ለእኛ የአንድ ምሽት ጨዋታ የሆነው እሳት ለአንዲት እናት የአንድ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል።

መ/ የተሳቢዋ ጭነት

ከዚህ የተነሣ ባለፈው ጥር ወር አሥራ አራት ሆነን ስንወጣ አንድ ደንብ አወጣን፤ ይኸውም ከተራራው ምንም ላለመውሰድ፣ በተራራውም ላይ ምንም ላለመተው ነው። ይህን ደንብ ለመፈጸም ጓዝ ይበዛልና ከአንድ አባላችን አባት ፒክ አፕ መኪናና ሁለት ጎማ ያላት ትንሽ ተሳቢ በውሰት አገኘን። ብዙ ሰው ተሳቢ ሲባል ምቾትና ድሎት ይመስለዋል። ለእኛ ግን የተሳቢዋ ጥቅም ከተራራው ልንወስደው የነበረውን ከቤታችን ይዘን እንድንወጣ ማስቻሏ ነው። የጫነችው የሚከተለውን ነበር፤

1ኛ/ ውኃ፦ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር፣ ለ14 ሰው ለሁለት ቀን 140 ሊትር፣ ማለት ባለ 20 ሊትር ሰባት ጀሪካን። ክብደቱ 140 ኪሎ።
2ኛ/ አራት ድንኳኖች ከነምሰሶ፣ ከነአውታርና ከነካስማቸው 40 ኪሎ።
3ኛ/ ብርድ ልብስና ምንጣፍ ለእያንዳንዱ ሰው 3 ኪሎ ሒሳብ 42 ኪሎ።
4ኛ/ ምግብ 35 ኪሎ።
5ኛ/ የጋዝ ምድጃ ከነሲሊንደሩና ድስት 30 ኪሎ።
6ኛ/ አካፋ፣ ገመድ፣ ፋኖስ፣ የመጀመሪያ ርዳታ መስጫ ሣጥንና የቆሻሻ ከረጢቶች 13 ኪሎ።

ድምሩ 300 ኪሎ ሆነ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። 300 ኪሎ ማለት አሥር እናቶች እያንዳንዳቸው ሠላሳ ሠላሳ ኪሎ አድርገው የሚሸከሙት ነው። መኪናው ይህን ሳያቃስት ጎትቶ ሲያወጣ አሥር የሰው ጀርባ ምን እንደሚከብደው በቁጥር ተረዳን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት እውነት ነው። ሎሚውን የሚካፈል ላጣ ሰው ግን ሸክሙ ሸክም ሆኖ ይቀራል።

ስለ ምግቡ አንድ ነገር እንጨምር። ውኃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ በእንጦጦ ከፍታ ግን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ስለዚህ ባቄላና ሽምብራ የመሰለው እህል ለመብሰል ብዙ ሰዓትና ብዙ ጋዝ ይፈጃል። እኛ የመረጥነው በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦና በቶሎ የሚደርስ ሽሮ ነበር። አያቶቻችን ለዘመቻና ለመንገድ በሶና ቆሎ ይሰንቁ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። አይበላሽም፣ አይከብድም፣ ማገዶም አይፈልግም።

ሠ/ ዳገቱና ቁልቁለቱ

ተሳቢ መጎተት መኪና ከመንዳት ብቻ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዋና ዋናዎቹን እንዘርዝር።

የክብደቱ አደላደል የመጀመሪያው ነው። ከባዱን፣ ማለት ውኃውን፣ ከጎማዎቹ በላይና ጥቂት ወደ ፊት አድርገን፣ ቀላሉን ከላይና ከኋላ እንጭናለን። ከተሳቢዋ ጠቅላላ ክብደት ከመቶ አሥር ያህሉ በመጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት። የእኛዋ ባዶዋን 200 ኪሎ ያህል ስለሆነች ከነጭነቷ 500 ኪሎ ነበረች፤ ስለዚህ በመጎተቻው ላይ የሚያርፈው 50 ኪሎ መሆን ነበረበት። ጭነቱ ወደ ኋላ ከከበደ ተሳቢዋ በቁልቁለት እንደ ዓሣ ጅራት ወዲያና ወዲህ እያለች መኪናውን ታወዛውዛለች።

ሁለተኛው የማያያዣው ጉዳይ ነው። መጎተቻው ከተቆለፈ በኋላ እርሱ ቢከፈት እንኳ ተሳቢዋ እንዳታመልጥ ሰንሰለት ይታሰራል። የኋላ መብራቷና ፍሬቻዋ መሥራታቸው፣ የጎማዋ አየርና ባሌስትራዋ ከመነሣታችን በፊት ይታያሉ።

ሦስተኛው መንገዱ ነው። ከየካ በእግር የሚያወጡ ብዙ አቋራጮች አሉ። ተሳቢ ለሚጎትት ግን ከመገናኛ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ አድርጎ በሽሮ ሜዳ የሚወጣው አስፋልት ይሻላል። ዳገቱ ጽኑ ስለሆነ በዝቅተኛ ማርሽ ሳይቸኩሉ መውጣት ነው። በቁልቁለት ደግሞ በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ ሆኖ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው ማድረግ ያስፈልጋል። ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ወይም ፍሬን ብቻ ረግጦ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬንም መያዝ ያቅተዋል። በቆምን ጊዜ ሁሉ ከጎማዎቹ ሥር ታኮ ይደረጋል።

አራተኛውና ማንም ሊዘነጋው የማይገባው፣ በተሳቢ ላይ ሰው አይሳፈርም። ከእኛ መካከል አራቱ በመኪናው ውስጥ ተቀምጠው፣ አሥሩ እስከ ሽሮ ሜዳ በታክሲ ሄደው ከዚያ በእግር ወጡ። የእግር መንገዱ እንዲያውም የጉዞው ጥሩ ክፍል ነበር። አየሩ ስስ ስለሆነ ያልለመደ ሰው ቶሎ ይተነፍሳል። የሀገራችን ሯጮች በዚህ ተራራ ልምምድ የሚያደርጉትም ሰውነታቸው በስስ አየር መሥራትን እንዲለምድ ነው።

ረ/ ሌሊቱ

ድንኳን የምንተክልበትን ስፍራ ባለይዞታውን ወይም ኃላፊውን አስፈቅደን እንመርጣለን። በፓርኩ ክልል ውስጥ ከሆነ የፓርኩን አስተዳደር፣ በቤተ ክርስቲያን ይዞታ ከሆነ የደብሩን አስተዳዳሪ፣ በገበሬ መሬት ከሆነ ገበሬውን መጠየቅ ይገባል። በእንጦጦ ማርያምና በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አቅራቢያ ለጠበል የመጡ ሕሙማን እንደሚያድሩ አንርሳ። የእነርሱን ዕረፍት በጩኸትና በድምፅ ማጉያ መንሣት አይገባም።

ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከየካ ሜዳ እስከ ተራራው ጫፍ 600 እና 700 ሜትር ልዩነት አለና በቤታችን ከሚሰማን ብርድ አራት ዲግሪ ያህል ጨምሮ እንጠብቅ። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ውርጭ አለ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይወርዳል። ስለዚህ ድንኳን በሸለቆ ግርጌም ሆነ ነፋስ በሚመታው ጫፍ ላይ ሳይሆን ከመካከል፣ ጎርፍ ከማይወርድበት ጠፍጣፋ መሬት ላይ ይተከላል። ብርዱ ከላይ ብቻ አይመጣም፤ መሬቱም ሙቀታችንን ይስባል። አንድ ጋቢ ከላይ ከመደረብ አንድ አጎዛ ወይም ሰሌን ከሥር ማንጠፍ ይበልጥ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ ብርቱ ማሳሰቢያ እናስቀምጣለን። ብርድ ሲጸናብን የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን ወይም ወደተሸፈነ ተሳቢ ውስጥ ማስገባት ሞትን ማስገባት ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ያወጣል። ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ጢሱ የጠፋለት፣ ፍሙ የቀላ ከሰል እንኳ ይህንኑ አየር ያወጣል። በከተማችን በዝግ ቤት ከሰል አድርገው ተኝተው ያልነቁ ቤተሰቦችን ወሬ የማያውቅ የለም። የጋዝ ምድጃውም ቢሆን ከውጭ፣ ደረቅ ቅጠል ከተጠረገለት መሬት ላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው በበጋ አንዲት ፍንጣሪ ብትበቃው ነው።

ስለ ጅብ ብዙ ወጣቶች ይጠይቃሉ። ጅብ በእንጦጦ አለ። የሚስበው ግን የምግብ ፍርፋሪና አጥንት ነው። ምግቡና ቆሻሻው ሁሉ ማታ በተሳቢዋ ውስጥ ተከድኖ ካደረ ወደ ድንኳን የሚመጣበት ምክንያት ይቀንሳል። ሁለት ሁለት ሆኖ ተራ በተራ መጠበቅም መልካም ነው። ተረኞቹ ፋኖሱን ዝቅ አድርገው ቀና ቢሉ ከቤታቸው ደጃፍ የማያዩትን ያህል ኮከብ ያያሉ። ሁለት ትላልቅ ቴሌስኮፖች የያዘው የጠፈር ምርምር ጣቢያ በእንጦጦ ላይ የተሠራው ስፍራው ከፍ ያለ ስለሆነ ነው።

ሰ/ ውኃው ወዴት ይወርዳል?

የእንጦጦ ጀርባ የውኃ ድንበር ነው። በሰሜን ገጹ የወረደ ዝናብ ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ባሕር ይገባል። በደቡብ ገጹ የወረደው ደግሞ በቀበናና በሌሎቹ ወንዞች አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ያልቃል። በአንድ ተራራ ላይ ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች እንደዚህ ይለያያሉ።

ይህ ለሠፈራችን ምን ያስተምረናል? ከላይ የተጣለው ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል ማለት ነው። ሳሙናችን፣ የምግብ ትርፍራፊያችን፣ መጸዳጃችን ሁሉ ከእኛ በታች ልብስ ለሚያጥቡ፣ ከብት ለሚያጠጡና ጎመን ለሚያለሙ ሰዎች ይደርሳል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ስለ ጦር ሠፈር ንጽሕና የተሰጠው ትእዛዝ ይህን ይመለከታል። እያንዳንዱ ሰው ከሠፈር ውጭ እንዲወጣ፣ በያዘው መቆፈሪያ እንዲቆፍርና እንዲሸፍን ታዟል። አካፋው በተሳቢዋ ጭነት ውስጥ የተቆጠረው ለዚህ ነው። ጉድጓዱ ከወራጅ ውኃ ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ፣ አንድ ስንዝር ያህል ተቆፍሮ በአፈር ይሸፈናል። ፕላስቲክ፣ ጠርሙስና ቆርቆሮ ግን አይቀበርም። በከረጢት ሆኖ በመጣበት ተሳቢ ይመለሳል።

ሸ/ በመካከላችን የተነሣው ክርክር

ከመውጣታችን በፊት በተደረገው ስብሰባ አንዲት እኅታችን ብርቱ ጥያቄ አነሣች። «ሁላችንም ጋዝ ይዘን ከወጣን፣ እንጨት ሸጠው የሚያድሩት እናቶች ምን ተጠቀሙ? ይልቅስ በደህና ዋጋ ከእነርሱ ገዝተን ብናነድ ለእነርሱ እርዳታ አይሆንም ወይ?» አለች። ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። አንዳንዶቻችን ደገፍናት። ሌሎቻችን ደግሞ የማገዶ ፈላጊ ሲበዛ ሸክሙም ይበዛል፤ ጭራሮው ሲያልቅ ወደ እርጥቡ ዛፍ ይኬዳል፤ በዚያ ጊዜ ከጥበቃ ጋር የሚጋጩትም እነዚያው እናቶች ናቸው የሚል መልስ ሰጠን።

በመጨረሻ የተስማማንበት እንዲህ የሚል ነው። እሳት ለጨዋታ አናነድም። ለእናቶቹ ሊደርስ የሚገባው ገንዘብ ግን በሌላ መንገድ ይድረስ። በመንገድ ዳር የሚሸጡትን ዳቦና ድንች እንግዛ፤ ለበዓል ነጠላ ስንፈልግ ከሸክም ወደ ሽመና የተመለሱትን እናስቀድም። እንዲያም ሆኖ ጥያቄው ሙሉ መልስ አግኝቷል ብለን አናምንም። ሸክሙን የሚያስቀረው ሌላ እንጀራ ሲገኝ ነውና፣ ይህ ደግሞ ከሁለት ቀን ሠፈር በላይ የሆነ ሥራ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጓዛችንን ጭነን ስንወርድ ግን አንድ ያላሰብነው ነገር ገጠመን። ውኃው አልቋል፤ ምግቡም ተበልቷል። ከ300 ኪሎው ውስጥ 175ቱ ቀንሷል። ተሳቢዋ ከግማሽ በላይ ባዶ ነበረች። ከሽሮ ሜዳ በላይ ባለው ቁልቁለት ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ አምስት እናቶች ሸክማቸውን ከግንብ ላይ አሳርፈው ሲተነፍሱ አገኘናቸው። ጭራሮው በጥበቃዎች ፈቃድ የተለቀመ መሆኑን ነገሩን። «እማማ፣ እስከ ታች እናድርስልዎ?» ብለን ጠየቅን። አንደኛዋ መጀመሪያ ያሰቡት ስንት እንደምናስከፍላቸው ነበር። በነጻ መሆኑን ሲረዱ መረቁን። አምስቱ እስር 150 ኪሎ ያህል ሆነ፤ ከባዱን ወደ ፊት አድርገን፣ በገመድ አስረን፣ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለን ወረድን። እናቶቹን መኪና ውስጥ አስቀመጥናቸው፤ እኛ ሁላችን፣ ከሹፌሩ በቀር፣ በእግራችን ተከተልን።

ይህን የምንጽፈው ለመመስገን አይደለም። በማግሥቱ እነዚያው እናቶች እንደገና ሸክማቸውን ይዘው በእግራቸው መውረዳቸው አይቀርም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በጉዞ ደንባችን ላይ አንድ መስመር ተጨምሯል፤ «ተሳቢዋ ባዶዋን አትወርድም» የሚል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው፣ ተራራ ላይ መሥፈር በሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ከተማችን ራሷ ከሠፈር የተወለደች ናት። የቀድሞው ሠፈር ግን ከተራራው ወስዶ ሲያበቃ ትቶት ወረደ። የተጎዳውን ተራራ መልሶ ለማልበስ ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላም እየተደከመ ነው። የእኛ ዘመን ወጣት መኪናም ተሳቢም ጋዝም ስላለው በተለየ መንገድ መሥፈር ይችላል። ውኃውን፣ ምግቡንና ማገዶውን ይዞ ይወጣል፤ ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። በባዶው ቦታ ደግሞ የሌላውን ሸክም ይጭናል። በመጪው በጋ ለመውጣት ያሰባችሁ ወንድሞችና እኅቶች የጭነት ዝርዝራችሁን ስታዘጋጁ ይህን እንድታስቡበት በፍቅር እናሳስባለን።

የውይይት ጥያቄዎች

1. «ሠፈር» እና «ከተማ» የሚሉት ቃላት የመጀመሪያ ትርጉማቸው ምን ነበር? ከዚህ ስለ ከተማችን አመሠራረት ምን እንረዳለን?
2. የእንጦጦ ሠፈር ለምን ጸንቶ መኖር አልቻለም? ባሕር ዛፍ ምን ችግር ፈታ? ምን ችግርስ አመጣ?
3. ሃያ ሰዎች ለሁለት ቀን ቢወጡ ስንት ሊትር ውኃ ያስፈልጋቸዋል? በጀሪካን ስንት ይሆናል? በተሳቢው ላይ የት ይጫናል?
4. ከሰል በድንኳን ውስጥ የሚገድለው ለምንድን ነው? በቤታችሁስ ምን ጥንቃቄ ይደረጋል?
5. ማገዶ ከእናቶቹ ገዝቶ ማንደድና ጋዝ ይዞ መውጣት፣ ከሁለቱ የቱ ይሻላል ትላላችሁ? ሌላ መንገድ ካላችሁ በቡድን ተወያይታችሁ ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን።

ይቆየን።